ጋልቢ፦ ጎድኑ ብቻውን ሲሰደድ

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግስት አናንዴል ሄድን። አናንዴል ቨርጂኒያ ውስጥ ናት። ዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሐበሾች የኮሪያ ምግብ ሲያምረን ወደዚያ ነው የምንነዳው። አራት ነበርን። ሁለት ሳምንት ሽሮና ጎመን የከረመበት ሰው ፊቱ ሥጋ ሲቀርብለት ምን እንደሚሆን ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ጠረጴዛው መሃል ላይ የከሰል ምድጃ አለ። ከላዩ የጭስ መሳቢያ ቱቦ እንደ ዝሆን ኩምቢ ተንጠልጥሏል። አስተናጋጃችን ዕድሜዋ ገፋ ያለ ኮሪያዊት ናት። በአንድ እጇ መቆንጠጫ፣ በሌላው መቀስ ይዛ መጣች። አዎ፣ መቀስ። ጋልቢውን፣ አጥንቱ ላይ የተጠቀለለውን የጎድን ሥጋ፣ ፍሙ ላይ ዘረጋችው፣ ገለበጠችው፣ ከዚያ እንደ ጨርቅ ቆራረጠችው። ስኳርና ነጭ ሽንኩርት የጠጣ ሥጋ እሳት ሲነካው የሚሸተው ሽታ ጾመኛ አያስተርፍም። ጂም የሚመላለሰው ጓደኛችን ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ "ብላ እንጂ፣ ንጹህ ፕሮቲን እኮ ነው!" አለኝ።

ከጎናችን ቅርጫት ሙሉ ሰላጣ ተቀምጦ ነበር። ሂሳብ ከፍለን ስንወጣም ቅርጫቱ ሙሉ ነበር። አንድ ቅጠል አልተነካም።

እኔን ያሳሰበችኝ ያቺ ቅርጫት ናት። "ጋልቢ ለጤና ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" የሚል ክርክር በኢንተርኔቱ ሁሉ ሞልቷል። አንዱ የፕሮቲን ማማ ያደርገዋል፣ ሌላው የስኳርና የጨው ጉድጓድ። ሁለቱም የሚያዩት ሥጋውን ብቻ ነው። ኮሪያዎቹ ግን ሥጋውን ብቻውን አይበሉትም።

መጀመሪያ ስሙ። ጋልቢ በኮሪያኛ ጎድን ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። የአሳማ ሲሆን "ድዌጂ ጋልቢ" ይሉታል። በበዓል ቀን በድስት ቀስ ብሎ የሚበስለው "ጋልቢ ጂም" ነው፣ ሾርባው ደግሞ "ጋልቢ ታንግ"። ቹንቾን የምትባለው ከተማ የምትታወቀው በ"ዳክ ጋልቢ" ነው። እሱ ዶሮ ነው፤ ጎድን የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። ቹንቾን ለእኛ እንኳ ሌላ ትርጉም አላት። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ልጆች በዚያ አካባቢ ተዋግተዋል፣ የመታሰቢያ ሐውልታቸውም እዚያው ቆሟል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛም ጎድን እናውቃለን። ሥጋ ቤት ገብቶ ከጎድን ቁረጥልኝ ያላለ ማን አለ? ልዩነቱ አቆራረጡ ላይ ነው። በኮሪያ ነባር አቆራረጥ አንድ አጭር አጥንት ይያዝና ላዩ ላይ ያለው ሥጋ በቢላ እየሳሳ ይዘረጋል። ከአጥንቱ ሳይለይ እንደ ብራና ጥቅል ይሆናል። ሌላው አቆራረጥ "ኤልኤ ጋልቢ" ይባላል። ይሄኛው በኤሌክትሪክ መጋዝ አጥንቱን አቋርጦ በስሱ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዙ ላይ ሦስት ወይም አራት ትንንሽ የአጥንት ክቦች ይኖሩታል። ስሙ ከሎስ አንጀለስ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፣ የለም "ላተራል" (የጎን) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው የሚሉም አሉ። የአሜሪካ የስደት ሕግ በ1965 ከተለወጠ በኋላ ብዙ ኮሪያውያን ሎስ አንጀለስ መግባታቸው ግን እውነት ነው። አሜሪካዊው ሥጋ ቆራጭ መጋዝ እንጂ የኮሪያ ቢላ አልነበረውም። ቀጭኑ ሥጋ ቶሎ ቅመም ይጠጣል፣ ቶሎም ይበስላል። ዛሬ ሴኡል ውስጥ ሳይቀር ይሸጣል።

አሁን "ንጹህ ፕሮቲን" የተባለውን እንመዝን።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሰንጠረዥ እንደሚለው 100 ግራም ጥሬ የጎድን ሥጋ፣ አጥንቱ ወጥቶ ከነስቡ፣ ወደ 390 ካሎሪ አለው። ፕሮቲኑ 14 ግራም ገደማ ነው። ስቡ 36 ግራም። በሌላ አነጋገር ከሥጋው ክብደት ከሲሶ በላይ ስብ ነው። በካሎሪ ካሰብነው ደግሞ ከመቶው ሰማንያ ምናምኑ የሚመጣው ከስብ ነው። ፕሮቲኑ እንግዳ ነው፣ ባለቤቱ ስቡ ነው። ቆዳው የወጣ የዶሮ ደረት በተመሳሳይ ክብደት ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን ይሰጣል፣ ስቡም ከ3 ግራም አይበልጥም። ጓደኛዬ ለጡንቻው ብሎ ከሆነ የሚበላው፣ ቤት ተሳስቷል።

ጎድን ለምን እንዲህ ሆነ? ጣዕሙ ስቡ ውስጥ ስላለ ነው። የኮሪያ ነባር ከብት "ሀኑ" ይባላል። ሥጋው ደረጃ የሚወጣለት በዋናነት በመሃሉ በተሰራጨው ነጭ ስብ ነው። ከፍተኛው ደረጃ "1++" ነው። ስቡ በበዛ ቁጥር ዋጋው ይሰቀላል፣ ገበሬውም ከብቱን እህል እያበላ ብዙ ወር ያቆየዋል። ይህ አሠራር እዚያው ኮሪያ ውስጥ ትችት ሲቀርብበት ቆይቶ በ2019 መጨረሻ መስፈርቱ ትንሽ ላላ። ለላይኛው ደረጃ ይጠየቅ የነበረው የስብ መጠን ከ17 በመቶ ወደ 15.6 በመቶ ወረደ። ለጤና ተብሎ የተደረገ ትልቅ ለውጥ ነው ብዬ አልወስደውም። ግን ጥያቄው የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ወደ ሂሳቡ እንመለስ። ምግብ ቤት ለአንድ ሰው ከነአጥንቱ 300 ግራም ያህል ቢያቀርብ፣ አጥንቱን ስናወጣ 200 ግራም ሥጋ ይቀራል እንበል። በሰንጠረዡ መሠረት ጥሬው 780 ካሎሪ ገደማ፣ 29 ግራም ፕሮቲን፣ 72 ግራም ስብ ነው። ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ስብ፣ ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው፣ ብቻውን 30 ግራም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የዚህ ዓይነቱ ስብ ከቀኑ ካሎሪ 10 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ማለት ነው። እርግጥ ሲጠበስ ከስቡ የተወሰነው ፍሙ ላይ ይንጠባጠባል። ሁሉም ሆድ ውስጥ አይገባም። ቢሆንም አንድ ሳህን ብቻውን ቀኑን ሊጨርሰው ይችላል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ያው ሥጋ ጠርዝ ጠርዙ ስብ በቢላ ሲወጣለት ሌላ ሥጋ ይሆናል። ቀዩ ብቻ ከተወሰደ 100 ግራሙ ወደ 173 ካሎሪ፣ 19 ግራም ፕሮቲን፣ 10 ግራም ስብ ላይ ይወርዳል። መሃል ለመሃል የተሰራጨውን ማውጣት አይቻልም፣ ጫፍ ላይ እንደ ሻማ የቆመውን ግን ይቻላል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጥሩውንም መናገር አለብኝ፣ አለበለዚያ ሥጋ ጠላ ትሉኛላችሁ። 100 ግራም ጎድን ለአዋቂ ሰው የቀኑን ቫይታሚን ቢ12 ይሸፍናል። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮው ከእንስሳት ምግብ ውጭ እምብዛም አይገኝም። (ሁለት ሳምንት የጾመ ሰው ግን በዚህ አይሳበብ። ጤነኛ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ያከማቻል።) ዚንክም አለው። ብረትም አለው። በግራም ብዛት ጤፍ ይበልጠዋል፣ ነገር ግን የሥጋ ብረት ወደ ደም የሚገባበት መንገድ ቀላል ነው። ከእህል የሚገኘውን ብረት ግን ፋይቴት የሚባል ነገር ይይዘዋል። እርሾ የሚያግዘንም እዚያ ላይ ነው፤ ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል።

አጥንቱን መጋጥስ? ኮሪያዎች ጋልቢ "በላሁ" ከማለት ይልቅ "ገነጠልኩ" የሚል ግስ ይመርጣሉ። አጥንቱን በእጅ ይዞ መጋጥ ነውር የለውም። እኛም አናፍርበትም። ግን "ካልሲየም ነው" የሚሉ አሉ። አጥንቱን ካልዋጣችሁት ካልሲየሙ አጥንቱ ውስጥ ነው የሚቀረው። ጥርስ የሚይዘው ጅማት ኮላጅን ነው። እሱም ሆድ ሲገባ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል፣ ቀጥ ብሎ ፊት ቆዳ ላይ አይለጠፍም። እንዲያውም በፕሮቲንነቱ ጎዶሎ ነው፤ ትሪፕቶፋን የሚባለው ለሰውነት የግድ የሚያስፈልግ አሚኖ አሲድ የለውም። ጋጡት፣ ግን ለጣዕሙ ጋጡት።

ቀጥሎ መዘፍዘፊያው። ቤቴ ውስጥ ለአንድ ኪሎ ጎድን የማደርገው ይህን ነው፦ ስምንት የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ አራት ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የተፈቀፈቀ ፒር፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀጭን ባሮ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና የሰሊጥ ዘይት። መጀመሪያ ሥጋውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቆየዋለሁ። ደሙና የመጋዙ የአጥንት ዱቄት ይወጣለታል።

ፒሩ ለጣፋጭነት ብቻ አይደለም። ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለው፣ ሥጋውን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ኪዊ፣ አናናስና ፓፓያም ይህን ያደርጋሉ፣ ያውም በጣም በርትተው። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ቀን ፒር አጣሁና ያልበሰለ ፓፓያ ፈጭቼ ጨመርኩበት። ሌሊቱን ሙሉ ተውኩት። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ሥጋው ከአጥንቱ ወርዶ የሕፃን ምግብ መስሏል። ግሪሉ ላይ ሳደርገው በሽቦው መሃል ሾለከ። ውድ ሥጋ ነበር፣ ኦምሌት ውስጥ ጨምሬ በላሁት። ፓፓያና ኪዊ ትንሽ ማንኪያ ብቻ፣ ለሰዓት ያህል ብቻ። የቆርቆሮ አናናስ ደግሞ ምንም አይሠራም፤ ፋብሪካው ሲያሽገው ሙቀቱ ኢንዛይሙን ገድሎታል።

ስለ ስኳሩ ብዙ ሰው ይጮሃል። እኔ ብዙም አያስፈራኝም። አራት ማንኪያ ወደ 50 ግራም ነው። ግማሹ ሳህኑ ላይ ከፈሳሹ ጋር ይቀራል ብንል፣ የተረፈው ለአራት ሰው ሲካፈል ለአንዱ 6 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። አንድ ጠርሙስ ኮካ ይበልጠዋል። የሚያስፈራኝ ጨው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ 900 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም አለው። ስምንቱ ከ7000 ያልፋል። በዚያው ሂሳብ ግማሹ ቢቀርና ለአራት ቢካፈል፣ ለአንድ ሰው 900 ሚሊግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን ከ2000 በታች ይላል። ገና ኪምቺው (የቦካው ጎመን)፣ "ሳምጃንግ" የሚባለው የአኩሪ አተር ድልህና ሾርባው አልተቆጠሩም። ደም ግፊት ያለበት ሰው መቁጠር ያለበት ይህን ነው። ያው ከሶይ ሶሱ ሦስት ማንኪያ ቀንሶ በውኃ ቢተካ ምላስ አያውቀውም፤ ሞክሬዋለሁ።

ይህ ሁሉ ቁጥር ለምን ድሮ ችግር አልነበረም? ሥጋው ስላልነበረ ነው። በጆሶን ዘመን፣ ከ1392 እስከ 1910፣ ነገሥታቱ ከብት ማረድን ደጋግመው ከልክለዋል። በሬ ያርሳልና። በሬውን የበላ ገበሬ በምን ያርሳል? ይህን ለእኛ ማንም ማስረዳት የለበትም። እርግጥ አዋጁ ሁሉን አላስቆመም፣ ባለ ሥልጣኑና ሀብታሙ በልቷል። ተራው ሰው ግን የከብት ሥጋ የሚያየው በበዓል ነበር።

የጋልቢ ታሪክ ያለ ሱዎን ከተማ አይነገርም። ንጉሥ ጆንግጆ በ1796 የህዋሶንግን ምሽግ ሲጨርስ አካባቢው እንዲታረስ ፈልጎ ነበር። እርሻው በሬ ጠራ፣ በሬው የከብት ገበያ ጠራ። ብዙ ቆይቶ፣ በ1945፣ እዚያው ከተማ ህዋቹኖክ የሚባል ምግብ ቤት ተከፈተ። መጀመሪያ ጎድን የገባበት ሾርባ ነበር የሚሸጠው። በ1956 ትልልቅ ጎድኖችን አጣፍጦ በፍም ላይ መጥበስ ጀመረ። የሱዎን ጋልቢ እስከዛሬ በሶይ ሶስ ሳይሆን በጨው ነው የሚቀመመው። ከዚያ ኢኮኖሚው ሲያድግ፣ በ1980ዎቹ፣ ሴኡል ውስጥ ግቢያቸው ሰፊ የሆኑ የጋልቢ ቤቶች ፈሉ። ስማቸው ላይ "ጋርደን" የሚል ቃል ስለሚለጥፉ ቃሉ ራሱ በኮሪያኛ የጋልቢ ቤት ማለት እስኪሆን ደረሰ። የበዓል ምግብ የቅዳሜ ምግብ ሆነ።

የራሳቸው ከብት አልበቃም። ጎድን ከውጭ መግባት ነበረበት፣ እሱም ፖለቲካ ሆነ። በ2003 አሜሪካ ውስጥ የላም እብደት የተባለው በሽታ ሲገኝ ኮሪያ በሯን ዘጋች። ቆይታ አጥንት የሌለውን ብቻ ፈቀደች፤ ትንሽ የአጥንት ስባሪ የተገኘበት ጭነት እየተመለሰ ነበር። ሚያዝያ 2008 ላይ መንግሥት ከነአጥንቱ እንዲገባ ሲስማማ ሕዝቡ ሻማ ይዞ አደባባይ ወጣ። ተቃውሞው ለወራት ቆየ። በመጨረሻ ከ30 ወር በታች ከሆኑ ከብቶች ብቻ እንዲሆን ተደረገ። በ2012 የነጻ ንግድ ስምምነቱ ሥራ ላይ ሲውል 40 በመቶ የነበረው ቀረጥ በየዓመቱ እየቀነሰ በ2026 ዜሮ እንዲሆን ተጻፈ። እህል የበላ፣ ስብ የጠገበ የአሜሪካ ጎድን በርካሽ እንዲገባ መንገዱ ተጠረገ ማለት ነው።

ምግቡ ሲበዛ ልጓሙ ምን ይሆናል? ኮሪያ ውስጥ ልጓሙ ጠረጴዛው ራሱ ነው።

በመቀስ የተቆረጠችው ሥጋ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም አትበልጥም። መዳፍ ላይ ሰላጣ ይዘረጋል፣ አንዳንዴም "ኬኒፕ" የሚባል ሽታው ጠንከር ያለ ቅጠል ይደረብበታል። አንዲት ቁራጭ ሥጋ፣ ትንሽ ድልህ፣ ስስ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። ይጠቀለልና ባንድ ጊዜ ወደ አፍ። "ሳም" ይሉታል። የሚወዱት ሰው ካለ ጠቅልለው ያጎርሱታል። ጉርሻ ማለት ነው፣ በቅጠል ይሁን እንጂ። ሁለት ቁራጭ ሥጋ አንድ ላይ አይጠቀለልም፤ አፍ አይበቃውም። እስኪታኘክ ሌላው ይበስላል። ከጎን ጎመን አለ፣ ራዲሽ አለ፣ በቀጭኑ የተሰነጠቀ ባሮ ሽንኩርት በሆምጣጤ አለ። ሥጋው ከመሶቡ አንድ ጥግ ብቻ ነው የሚይዘው። ማንም ሐኪም አልነደፈውም፤ ሥጋ ሲወደድ ቤተሰብ ሁሉ እንዲዳረሰው የወጣ ብልሃት ይመስለኛል። ዛሬ ሥጋው ሲረክስ የጠቀመው እሱ ነው።

ጎድኑ ሲሰደድ ግን ጓደኞቹን ትቶ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ "ኮሪያን ባርቤኪው" የሚል ሳጥን ብትገዙ የምታገኙት ነጭ ሩዝ፣ በላዩ ሥጋ፣ በላዩ ጣፋጭ ሶስ ነው። ቅጠሉ ቀርቷል። "የቻላችሁትን ብሉ" በሚሉት ቤቶች ደግሞ ሰው የከፈለውን ለማስመለስ ሥጋ ብቻ ይደራርባል። በሱፐርማርኬት ተዘፍዝፎ ታሽጎ የሚሸጥም አለ። እሱን ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ከሥጋ ቀጥሎ የተጻፈው ስኳር ወይም የበቆሎ ሽሮፕ ከሆነ፣ የሶዲየሙም ቁጥር በአንድ ድርሻ ከ700 ካለፈ፣ እኔ እመልሰዋለሁ። ድርሻ የሚሉት መጠንም ብዙ ጊዜ ለድመት የሚበቃ ነው።

እሳቱ ላይ አንድ ሁለት ነገር። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ቀይ ሥጋን "ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም" ከሚላቸው መካከል መድቦታል። ሥጋ በኃይለኛ እሳት ሲጠበስ ጎጂ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ ስቡ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ የሚነሳው ጭስም ሌላ ዓይነት ይዞ ሥጋው ላይ ይመለሳል። ስኳር የጠጣ ሥጋ ደግሞ ቶሎ ነው የሚከስለው። የኮሪያ ቤቶች ዘዴ አላቸው፦ ሥጋው ቶሎ ቶሎ ይገላበጣል፣ የጠቆረ ጠርዝ በመቀስ ተቆርጦ ይጣላል፣ ሽቦው ሲጠቁር አስተናጋጇ በንጹህ ትተካዋለች። እኛ የጠቆረውን "ይሄ ነው ጣዕሙ" ብለን እንሻማለን። አዲስ አበባም ሆነ እዚህ፣ ቤት ውስጥ በከሰል ልሞክረው የምትሉ ካላችሁ ያንን የዝሆን ኩምቢ አስታውሱ። እሱ የተሰቀለው ለጌጥ አይደለም። በር ተዘግቶ ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል። በረንዳ ላይ አድርጉት፣ ወይም በምጣድ ጥበሱት።

ስንት ይበላ ለሚል፣ የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ በሳምንት የበሰለ ቀይ ሥጋ ከ350 እስከ 500 ግራም ድረስ ይበቃል ይላል። የአናንዴል ምሽታችን ከዚያ ብዙም የሚተርፍ ነገር አላስቀረም።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ቤት ተመለስን። ለአራት ሰው የሁለት ሰው ሥጋ አዘዝን። ያቺው ሴት ናት ያስተናገደችን። ጂመኛው ጓደኛዬ ጠቅልሎ ግማሹን ሲነክስ አየችውና ራሷን ነቀነቀች። "ኖ፣ ኖ። ዋን ባይት!" አለችው፣ አፏን በሰፊው ከፍታ እያሳየችው። ታዘዘ። ጉንጩ ተወጥሮ መናገር አቃተው፣ ስለ ፕሮቲንም ምንም አላለም። ሰላጣው ሲያልቅ ሳያስከፍሉ ይጨምራሉ። ሦስተኛውን ቅርጫት ስንጠይቃት ሳቀች፣ ከሰላጣው ጋር ኬኒፕም ጨምራ አመጣችልን።